መንገዱ ጠባብ ነው፣ ቤቱም ያስፈልገናል፤ ስኮትላንድ ገጠር ያላችሁ ምን ትላላችሁ?

ሰሜን ኮከብ (ምዕራብ ሃይላንድ)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። ዛሬ ግን ምክር ፈልጌ ነው።

የምኖረው በሃይላንድ ምዕራብ ጠረፍ፣ ባሕር ዳር ባለች ትንሽ መንደር ነው። ስሟን አልጽፍም፣ እዚህ ሁሉም ሰው ይተዋወቃል። ከዋናው መንገድ እስከ እኛ 4 ማይል ገደማ ነው። መንገዱ አንድ መኪና ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ሁለት መኪና ከተገናኘ አንዱ መተላለፊያው ድረስ፣ ፓሲንግ ፕሌስ የሚሉት ማለቴ ነው፣ ወደ ኋላ ይመለሳል። እኔ ኬረር ነኝ። አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞርኩ አጥባለሁ፣ ቁርስ አበላለሁ፣ መድኃኒታቸውን መውሰዳቸውን አያለሁ። በቀን ቢያንስ ስድስት ጊዜ በዚህ መንገድ እመላለሳለሁ።

አሁን አንድ የቤቶች ማኅበር መንደሩ መጨረሻ ላይ 12 ቤት ልሥራ ብሎ ለካውንስሉ፣ ለአካባቢው አስተዳደር ማለቴ ነው፣ ማመልከቻ አስገብቷል። ኪራያቸው ዝቅ ያለ ይሆናል ተብሏል። ባለፈው ሐሙስ አዳራሹ ውስጥ ስብሰባ ነበር። ከ40 ሰው በላይ መጣ። ወሬው ሁሉ ስለ መንገዱ ነበር። አምቡላንስ እንዴት ያልፋል? የኮንክሪት መኪና እንዴት ይመጣል? በጎቹስ? የተቀዳው ሻይ ሳይጠጣ ቀዘቀዘ።

ሲያበቃ ጎረቤቴ የተቃውሞ ፊርማ ይዛ መጣች። ደግ ሴት ናት። ልጄ ትኩሳት የያዛት ሌሊት ሐኪም ዘንድ ያደረሰችን እሷ ናት። እስክሪብቶውን እጄ ላይ አደረገችልኝ። እጄ ግን እምቢ አለኝ።

የተከራየነውን ቤት ባለቤቱ ለቱሪስት ሊያከራየው ስለፈለገ እስከ ኦክቶበር ልቀቁ ብሎናል። በአካባቢው ሌላ የሚከራይ ቤት የለም። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ያሉት ልጆች 9 ናቸው፣ ሁለቱ የኔ ናቸው። እኛ ከሄድን 7 ይቀራሉ። ግን ስለ መንገዱ የተባለውም እውነት ነው። ባለፈው ጥር ከአንድ ሎሪ ጋር ስተላለፍ የጎን መስታወቴን ጥዬ ነው ያለፍኩት።

«ነገ እፈርማለሁ» ብዬ ወጣሁ። እንቅልፍ አልወሰደኝም። ምን ላድርግ?

ጎንደሬው (ግላስጎው)

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያግዝሽ። እኔ ብሆን ዝም ብዬ እፈርም ነበር። በሰው አገር ጎረቤት ማለት ዘመድ ነው። ቤት ዛሬ ባይገኝ ነገ ይገኛል። መንደሩ ሁሉ አንድ ላይ ቆሞ አንቺ ብቻሽን ካፈነገጥሽ ግን ከዚያ በኋላ ሰላምታውም ይቀዘቅዛል። ግላስጎው ኑ፣ ቢያንስ አበሻ አለ።

ፕላን ክፍል (ዳንዲ)

ወንድሜ ጎንደሬው፣ ሐሳብህ ይገባኛል፣ ግን አልስማማም። በስኮትላንድ ውስጥ በአንድ ካውንስል የፕላን ክፍል ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። እንዲህ ዓይነት ፋይል በየወሩ ጠረጴዛዬ ላይ ይመጣ ነበር። ሰሜን ኮከብ፣ ይሄን ረጋ ብለሽ አንብቢው።

አንደኛ፣ ጊዜ የለሽም። ከቦታው በ20 ሜትር ውስጥ ያሉ ጎረቤቶች ደብዳቤ ይደርሳቸዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አስተያየት ለመስጠት 21 ቀን ነው ያለው። ከ20 ሜትር ውጭ ብትሆኚም መጻፍ ትችያለሽ፣ ማንም ሰው ይችላል። ፈቃዱ ከተሰጠ በኋላ ግን ጎረቤት ይግባኝ የሚልበት መንገድ በስኮትላንድ የለም። አመልካቹ ከተከለከለ ይግባኝ አለው፣ ተቃዋሚ ግን ፍርድ ቤት ካልሄደ በቀር የለውም። እሱ ደግሞ ገንዘብ ይበላል። ስለዚህ የሚባለው ሁሉ መባል ያለበት አሁን ነው።

ሁለተኛ፣ ፊርማ መሰብሰብ ብዙም አይጠቅምም። ፋይሉን የሚያየው ሰው የሚመዝነው የፊርማውን ብዛት ሳይሆን የተነሳውን ምክንያት ነው። እይታዬን ይጋርዳል፣ የቤቴ ዋጋ ይወርዳል የሚሉት አይቆጠሩም። የመንገድ ደህንነት፣ የትራፊክ ብዛት፣ የፍሳሽ ውሃ፣ የመኪና ማቆሚያ ግን ይቆጠራሉ። የናንተ መንደር ጥያቄ እንግዲህ ከሚቆጠሩት ነው።

ሦስተኛውን ግን ልብ በይልኝ። አስተያየት ስትጽፊ «እቃወማለሁ» ማለት ብቻ አይደለም ያለሽ። «እደግፋለሁ፣ ነገር ግን ይሄ ይሄ መጀመሪያ ይሠራ» ማለት ትችያለሽ። 40 ሰው «አይሠራ» ብሎ ከሚፈርም ይልቅ አምስት ሰው «ከዚህ ድልድይ አጠገብ መተላለፊያ ሳይሠራ ቤቱ አይጀመር» ብሎ ቢጽፍ ለመሐንዲሱ ሥራ ይሰጠዋል። የመጀመሪያውን አንብቦ ያልፈዋል። ሁለተኛውን ግን መመለስ አለበት።

ቡና ቁርስ (አዲስ አበባ)

ከሩቅ ሆኜ ልጠይቅና፣ ለምን ዝም ብለው መንገዱን አያሰፉትም? እንግሊዝ ሀብታም አይደለች እንዴ?

ፕላን ክፍል (ዳንዲ)

ጥሩ ጥያቄ ነው። መንገዱ የማን ነው የሚለው መጀመሪያ ይመጣል። ትልልቆቹን አውራ መንገዶች የሚይዘው ትራንስፖርት ስኮትላንድ ነው። የቀሩትን የሕዝብ መንገዶች ካውንስሎች ይይዛሉ። ከዚያ የግል መንገድ አለ፣ የርስት ባለቤቱ ወይም የሚጠቀሙበት ሰዎች ራሳቸው የሚጠግኑት። የሰሜን ኮከብ 4 ማይል የካውንስሉ ነው ማለት ነው። ካውንስሉ ደግሞ በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ ጉድጓድ መድፈኑም አቅቶታል። ብዙ ቦታ ላይ መንገዱ የተዘረጋው ፒት በሚባል ለስላሳ ጥቁር አፈር ላይ ነው። ስታሰፋው ጠርዙ ይሰምጣል። በሌላ በኩል አለት ነው፣ ከታች ባሕር ነው። አንድ ማይል ለማስፋት የሚወጣው ገንዘብ ለመተላለፊያ ቢውል ብዙ መተላለፊያ ይሠራል።

ከባድ መኪና (ኢንቨርነስ)

እኔ ግንድ ነው የምጭነው። 44 ቶን። ስለ መስታወትሽ አዝኛለሁ እህቴ፣ እኔ እንዳልሆንኩ ተስፋ አደርጋለሁ።

ከሹፌር ወገን ልናገር። መንገዱ መጥበቡን እንችለዋለን። የሚገድለን መተላለፊያው ላይ የሚያቆም ሰው ነው። ኖርዝ ኮስት 500 የሚባለው የቱሪስት ዙር በ2015 (የፈረንጅ) ከተጀመረ ወዲህ በ516 ማይሉ ዙሪያ የካምፕ መኪና በዝቷል። መተላለፊያ ላይ ያድሩበታል። እኔ 44 ቶን ይዤ ወደ ኋላ ልመለስ?

ለአዲሶች ደንቡን ልድገመው። መተላለፊያው በግራሽ ከሆነ ግቢበት። በቀኝሽ ከሆነ ግን ከፊት ለፊቱ ቆመሽ ጠብቂ እንጂ ወደ ቀኝ አታቋርጪ፣ የሚመጣው መኪና ራሱ ይገባበታል። ዳገት ለሚወጣ ቅድሚያ ስጪ። ከኋላሽ የሚቸኩል ሰው ካለም ገብተሽ አሳልፊው፣ ነርስ ሊሆን ይችላል። ካለፍሽ በኋላ ከመሪው ላይ ጣት ማንሳት አይረሳ። እዚህ አገር እሱ ሰላምታ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ግንድ የምንጭነው ሰዎች መንገዶቹን በአራት ተከፍለው እናውቃቸዋለን። የተስማሙበት አለ፣ መጀመሪያ ካውንስሉን አማክሩ የሚባል አለ፣ በጣም የተገደበ አለ፣ ጭራሽ የተከለከለ አለ። ስለዚህ መንገድሽ በካርታው ላይ ምን ተብሎ እንደተመደበ እዪ። «ለግንድ መኪና በጣም የተገደበ» ከተባለ፣ ለኮንክሪት መኪናስ እንዴት ይሆናል ብለሽ ለመጠየቅ ጥሩ መነሻ ነው።

የናዳ ጎረቤት (አርጋይል)

እኔ ባለሁበት መንገድ ሲዘጋ መንደሩም አብሮ ይዘጋል። ኤ83 የሚባለውን አውራ መንገድ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ሬስት ኤንድ ቢ ታንክፉል የሚባለው ዳገት ላይ ተራራው በዝናብ ይናዳል። ስሙ «ዕረፍ፣ አመስግንም» እንደማለት ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን መንገዱን የሠሩት ወታደሮች ጫፍ ላይ ድንጋይ አቁመው የጻፉት ነው። በኦገስት 2020 ትልቅ ናዳ ወረደ፣ ለሳምንታት ስንሰቃይ ነበር። ዋናው ሲዘጋ በዚያው በጥንቱ የወታደር መንገድ በኮንቮይ፣ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ ወገን ያሳልፉናል። እሱም ከተዘጋ ዙሩ 59 ማይል ገደማ ነው። በኦክቶበር 2023 ደግሞ ናዳው መሀል የቀሩ 10 ሰዎች በሄሊኮፕተር ነው የወጡት። አሁን መንግሥት መንገዱ ላይ 1.4 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የናዳ መከላከያ ጣሪያ እሠራለሁ ብሏል። በመቶ ሚሊዮኖች ፓውንድ ነው የሚቆጠረው።

ይሄን የማወራው ላስፈራሽ አይደለም። መንገድ ሲዘጋ ሰውዬው መድኃኒት ያጣል፣ ልጁ ከትምህርት ይቀራል፣ ሱቁ ወተት ያጣል። አዳራሹ ውስጥ የተናገሩት ሰዎች ክፉዎች አይደሉም። ፈርተው ነው።

ሰሜን ኮከብ (ምዕራብ ሃይላንድ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ፕላን ክፍል ያልከው ውስጤ ገባ። ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴንና ትልቋን ልጄን ይዤ ሜትር ይዘን ወጣን።

4ቱን ማይል በእግር ሄድንበት። በመኪና ዓመታት የተመላለስኩበትን መንገድ ለካ አይቼው አላውቅም። ልጄ የሜትሩን ጫፍ ይዛ አንዱ ጠርዝ ላይ ትቆማለች፣ እኔ ሌላኛው ላይ እጎነበሳለሁ፣ አባቷ ደብተር ላይ ይጽፋል። ብዙው ቦታ 3 ሜትር አካባቢ ነው። ከድንጋይ ድልድዩ አጠገብ 2 ሜትር ከ80 ነው። መተላለፊያዎቹ 23 ናቸው። ሰባቱ ላይ ስትቆም የሚቀጥለው መተላለፊያ አይታይም። አንደኛው ጠርዙን ውሃ በልቶት ግማሹ ቦዩ ውስጥ ገብቷል። እግሬን ሳሳርፍበት አስፋልቱ እንደ ደረቅ ዳቦ ተቆርሶ ወደቀ። መስታወቴ የወደቀው እዚያ ነበር።

ሌላ ደግሞ አዲስ ነገር አገኘን። ቤቶቹ የሚሠሩበት ቦታ ለመድረስ የመጨረሻው 300 ሜትር የካውንስሉ አይደለም። የርስቱ የግል የጠጠር መንገድ ነው። እኛ ውሻ ይዘን ሁልጊዜ የምንሄድበት ነው። ስኮትላንድ ውስጥ የፈለጉበት መሄድ ይቻላል አይደል የሚባለው? ታዲያ ቤቶቹ ከተሠሩ በዚያ በኩል በመኪና መግባት ችግር የለውም ማለት ነው?

ፕላን ክፍል (ዳንዲ)

እህቴ፣ ይሄ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። በ2003 የወጣው የመሬት ማሻሻያ ሕግ የሰጠው መብት በእግር፣ በብስክሌት፣ በፈረስ፣ በጀልባ ነው። በሞተር ለሚሄድ አይሠራም። በግል መሬት ላይ በመኪና ለማለፍ ሌላ መብት ያስፈልጋል፣ ሰርቪቲዩድ ይባላል። በውል ይሰጣል፣ ወይም ሳይፈቀድልህም ሳትከለከልም እንደ ባለመብት 20 ዓመት ከተጠቀምክበት ይጸናል። ከውሻሽ ጋር በእግር የሄድሽው ለመኪና አይቆጠርልሽም።

እና የቤቶች ማኅበሩ ያን 300 ሜትር ገዝቶታል ወይስ ውል አለው? ቤቶቹ ካለቁ በኋላ በረዶ የሚጠርገው፣ ጉድጓድ የሚደፍነው ማነው? ካውንስሉ እንዲረከበው ከፈለጉ በደረጃው መሠራት አለበት። ለዚያም በ1984ቱ የመንገዶች ሕግ መሠረት ራሱን የቻለ ፈቃድ አለ፣ ከግንባታ ፈቃዱ የተለየ። ይሄን በደብዳቤሽ ጠይቂ። በኋላ 12 አባወራ በየክረምቱ ለመንገድ ገንዘብ እንዲያዋጣ አይፈረድበት።

መውጫው ላይም ለኪ። መሐንዲሶቹ ከመንገዱ ጠርዝ 2.4 ሜትር ወደ ውስጥ ሆነው፣ የሹፌር ዓይን 1.05 ሜትር ከፍታ ላይ ነው ብለው፣ ግራና ቀኝ ስንት ሜትር ይታያል ብለው ይመዝናሉ። ፍጥነቱ በሰዓት 60 ማይል በሆነ መንገድ ላይ እስከ 215 ሜትር ሊጠይቁ ይችላሉ። ልጅሽን መንገዱ ላይ አቁመሽ የምትሰወርበትን ነጥብ ምልክት አድርጊ። መኪና አለመኖሩን እያየሽ እንጂ!

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በ1984 አንድ ክርክር ከአበርዲን ተነስቶ፣ ያኔ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ እስከነበረው እስከ ሎርዶች ምክር ቤት ደረሰ። ግራምፒያን ካውንስል ከአበርዲን ከተማ ካውንስል ጋር። ጉዳዩ የመንገድ ነበር። የእርሻ መሬት ለኢንዱስትሪ ሊውል ነው፣ ግን መጋጠሚያው አደገኛ ነው። አደጋው የሚወገደው አንድ መንገድ ከተዘጋ ብቻ ነው። መንገዱን መዝጋት ደግሞ በአልሚው እጅ አይደለም። ሎርዶቹ ምን አሉ? አልሚውን «መንገዱን ዝጋ» ብሎ ማስገደድ አይቻል ይሆናል፣ «መንገዱ እስኪዘጋ ግን ሥራው አይጀመር» ማለት ይቻላል አሉ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለው ቅድመ ሁኔታ እንግሊዝም ሳይቀር «ግራምፒያን ኮንዲሽን» እየተባለ ይጠራል።

አንቺ የምትፈልጊው ይሄንን ነው። «መንገዱ እንዲሻሻል እንጠይቃለን» ብለሽ አትጻፊ። «እነዚህ መተላለፊያዎች ተሠርተው እስኪያልቁ ድረስ ግንባታው አይጀመር» ብለሽ ጻፊ። የመጀመሪያው ምኞት ነው። ሁለተኛው ቁልፍ አለው። ሥራው ከተጀመረ በኋላ የሚሠራ መንገድ ብዙ ጊዜ አይሠራም። ይሄን ደጋግሜ ስላየሁ ነው አጥብቄ የምነግርሽ።

የራሴ ተጓዥ (ኤድንብራ)

ይቅርታ፣ ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። ባለፈው በጋ ራሴ የምትባለው ደሴት ሄጄ ነበር፣ ከስካይ አጠገብ ናት። እዚያ ካለም ማክላውድ የሚባል ገበሬ የሠራው መንገድ አለ። ሰሜን ጫፍ ላይ አርኒሽ የምትባል መንደር ነበረች፣ መኪና አይደርስባትም። ሰዎቹ ለብዙ ዓመታት መንገድ ይሠራልን ብለው ለካውንስሉ ጻፉ። የሰማቸው የለም። ካለም በ1960ዎቹ አጋማሽ ላይ ዶማ፣ አካፋና የእጅ ጋሪ ይዞ ራሱ ጀመረው። አለቱን በፈንጂ በመስበር የግብርና መሥሪያ ቤቱ ረድቶታል። የቀረውን በአሥር ዓመት ገደማ በእጁ ጨረሰው። አንድ ማይል ከሦስት ሩብ ይሆናል።

በእግሬ ሄድኩበት። ከዳገቱ ሥር ያለውን የድንጋይ ካብ በእጄ ዳሰስኩት። አንዱ ድንጋይ ሌላው ላይ እንዴት እንደተቀመጠ ብታዩ። ግን አንጀቴን የበላው ይሄ ነው፣ መንገዱ ሲያልቅ አርኒሽ ውስጥ የቀሩት እሱና ሚስቱ ብቻ ነበሩ። ካውንስሉም አስፋልት ያለበሰው በ1980ዎቹ ነው።

ሰሜን ኮከብ፣ 9 ልጆች ስትዪ እሱ ነው ትዝ ያለኝ።

ጎንደሬው (ግላስጎው)

ይሄን ካነበብኩ በኋላ ቃሌን አነሳሁ። ዝም አትበዪ እህቴ። ግን አንድ ነገር ልምከርሽ፣ ደብዳቤውን ከመላክሽ በፊት ለጎረቤትሽ አሳዪያት። ከሌላ ሰው አፍ አትስማው።

ሰሜን ኮከብ (ምዕራብ ሃይላንድ)

ጎንደሬው፣ ልክ ነህ። ትናንት ማታ ደብተሬን ይዤ ሄድኩ። ፊርማውን ለምን እንዳልፈረምኩ ነገርኳት። ቤት ልቀቁ መባላችንን አታውቅም ነበር። ለካ አልነገርኳትም። አፈረች፣ እኔም አፈርኩ። ከዚያ ካርታ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። እኔ የማላውቃቸውን አሳየችኝ፣ ጎርፍ የሚያቋርጥበትን፣ በረዶ ቀድሞ የሚይዝበትን፣ አጋዘን የሚወርድበትን። ባሏ በሕይወት እያለ የካውንስሉን በረዶ መጥረጊያ ይነዳ ነበር።

ደብዳቤውን አብረን ጻፍነው። አጭር ነው፣ አንድ ገጽ ተኩል። እንዲህ ይጀምራል፦ «12ቱን ቤቶች እንደግፋለን። መንደሩ ልጆችና ሠራተኞች ያስፈልጉታል። ነገር ግን ከዚህ በታች በቁጥር ያመለከትናቸው ሦስት አዳዲስ መተላለፊያዎች ተሠርተው፣ የፈረሰው ደግሞ ተጠግኖ እስኪያልቅ ድረስ ግንባታ እንዳይጀመር በቅድመ ሁኔታ እንዲታሰር እንጠይቃለን።» ከዚያ ልኬቱ፣ ፎቶው፣ ካርታው። የግንባታ መኪና ልጆች ትምህርት ቤት በሚገቡበትና በሚወጡበት ሰዓት እንዳይመጣ አልን። ስለ 300 ሜትሩም ጠየቅን።

አሥራ አራት ቤት ለየብቻው በራሱ አድራሻ ላከ። የፊርማ ወረቀቱን እሷው ራሷ መለሰችው። የኮሚኒቲ ካውንስሉም፣ የነዋሪዎቹ ምክር ቤት ማለቴ ነው፣ በእኛ ልኬት ላይ ተመሥርቶ የራሱን ጽፏል። ውሳኔ የመስጠት ሥልጣን የለውም፣ ግን ካውንስሉ ሐሳቡን ይሰማዋል።

ፕላን ክፍል (ዳንዲ)

አሥራ አራት! እኔ ጠረጴዛ ላይ ቢመጣልኝ ቡናዬን አስቀምጬ ነበር የማነበው። በርቱ። ውጤቱን ንገሪን።

ሰሜን ኮከብ (ምዕራብ ሃይላንድ)

ብዙ ቆየሁ፣ ይቅርታ። ከስድስት ወር በኋላ ነው የምጽፈው።

ፈቃዱ ተሰጠ። ከጠየቅናቸው ሦስት መተላለፊያዎች ሁለቱ በቅድመ ሁኔታው ገብተዋል፣ የፈረሰውም አብሮ። ሦስተኛውን መሐንዲሱ ከታች ውሃ ስላለ አይሆንም ብሎ ትንሽ ወዲህ አዛወረው። 300 ሜትሩ በደረጃው ተሠርቶ ካውንስሉ ይረከበዋል። የሰዓት ገደቡም ገብቷል።

እኛ ለጊዜው ከጎረቤቴ ቤት ሁለት ክፍል ላይ ነን። «ባዶ ከሚሆን» ብላ ነው የሰጠችን። ለቤቶቹ ተመዝግበናል፣ ይድረሰን አይድረሰን ገና አልታወቀም።

ዛሬ ጠዋት በአንድ ሰዓት ተኩል ለሥራ ስወጣ ቁፋሮ መኪናው ድልድዩ አጠገብ ቆሟል። ፒቱን ቆርጦ አውጥቶ ጠጠር እየደፋበት ነው። ጉድጓዱ ጥቁር ነው፣ ጠጠሩ ነጭ። ሠራተኛው እጁን አንስቶ አስቆመኝ። እማማ፣ የማጥባቸው የ91 ዓመቷ ሴትዮ፣ ቁርሳቸውን እየጠበቁ ነው፣ ግን አልቸኮልኩም። ሞተሩን አጥፍቼ መስኮቱን ከፈትኩት። ሦስት ጊዜ ሲደፋ ቆጠርኩ። ከዚያ ዘወር ብሎ እለፊ አለኝ።